ያፈተለከ የይለፍ ቃልን መመርመር የማን ሥራ ነው?

የይለፍ ቃል በብዛት የሚያፈተልከው ከተጠቃሚው እጅ ሳይሆን ከተቋም የመረጃ ቋት ነው። ጉዳቱን የመከታተሉ ሸክም ግን ተመልሶ በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል። «መለያዎ ተሰርቆ እንደሆነ ያረጋግጡ» የሚለው ምክር ክፋት የለበትም፤ ብቻውን ሲቀር ግን ኃላፊነቱን ከባለቤቱ ያሸሻል።

የአውስትራሊያው የደኅንነት ባለሙያ ትሮይ ሃንት እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው «ሃቭ አይ ቢን ፖንድ» የተሰኘ አገልግሎት፣ አንድ ኢሜል በታወቁ የመረጃ ስርቆቶች ውስጥ መኖሩን ያሳያል። ጠቃሚነቱ አያከራክርም። ይሁን እንጂ «አልተገኘም» ማለት «አልተሰረቀም» ማለት አይደለም። ሊንክድኢን በ2012 በተዘረፈ ጊዜ በአደባባይ የታየው 6.5 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃል ሃሽ፣ ማለትም የቃሉ ስሌታዊ አሻራ፣ ብቻ ነበር። የዚያው ስርቆት ውጤት የሆነ የ164 ሚሊዮን መለያዎች መረጃ ለሽያጭ የቀረበው በ2016 ነው። በመካከሉ ፈትሾ እፎይ ያለ ተጠቃሚ ያገኘው መልስ ትክክለኛ ነበር፤ ዋስትና ግን አልነበረም።

የይለፍ ቃሉን ራሱን መፈተሽ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ያስነሣል። ምስጢርን ለሌላ ወገን አሳልፎ ሰጥቶ ምስጢርነቱን መጠየቅ እንዴት ይሆናል? ለዚህ ከ2018 ጀምሮ አጥጋቢ መልስ አለ። የጠያቂው ኮምፒውተር ቃሉን በኤስኤችኤ-1 ስሌት ወደ 40 ቁምፊዎች ይለውጥና የመጀመሪያዎቹን 5 ብቻ ይልካል። ሰርቨሩ በእነዚያ 5 ቁምፊዎች የሚጀምሩትን ያፈተለኩ ሃሾች ቀሪ ክፍል ሁሉ ይመልሳል፤ ንጽጽሩ የሚፈጸመው በጠያቂው ዘንድ ነው። ምድቦቹ 1,048,576 ሲሆኑ እያንዳንዱ በርካታ ሃሾችን ስለሚይዝ፣ የተፈለገው የትኛው እንደሆነ ሰርቨሩ አያውቅም። (ኤስኤችኤ-1 ለዲጂታል ፊርማ ከተተወ ቆይቷል፤ እዚህ ግን ሥራው መመደብ በመሆኑ ድክመቱ እምብዛም አይጎዳም።)

እንግዲህ ፍተሻው ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ተቋማት ራሳቸው የማያደርጉበት ምክንያት ምንድን ነው? የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ የይለፍ ቃል ካፈተለኩት ዝርዝር ጋር እንዲነጻጸር ደንግጓል፤ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርንም አይመክርም። ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት የሚጠይቀው የተለመደ ደንብ ግን ደንቡን አሟልቶ አስቀድሞ ያፈተለከን ቃል ሳይጠራጠር ያሳልፋል።

የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ሲስተም ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው። ውጤትንና ምዝገባን የሚከፍተው ቃል፣ ተማሪው ከዓመታት በፊት በሌላ ገጽ የተጠቀመበት ሊሆን ይችላል። የኢንተርኔት መቆራረጥም ሰበብ አይሆንም፤ ዝርዝሩ በነጻ ስለሚገኝ አውርዶ በግቢው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ለተማሪው የሚደርሰው መልእክትም «ደካማ ነው» ሳይሆን «ይህ ቃል ከሌላ ቦታ አፈትልኳል» የሚል መሆን አለበት፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ያልፋልና። ፍተሻው በምዝገባ ዕለት ብቻም መቆም የለበትም። ዛሬ ንጹሕ የሆነ ቃል በሚቀጥለው ሴሚስተር ከዝርዝሩ ሊገባ ስለሚችል፣ ተማሪው በገባ ቁጥር መደገም ይኖርበታል።