የገብሳችንን ጠላት በመልኩ እንወቅ

ባለፈው ሳምንት ስለ ዘር መረጣ አንብበናል። ዛሬ ደግሞ በበቀለው ገብስ ላይ ስለሚመጣ ጠላት እናነባለን።

ከሮቤ እስከ ጎባ፣ ከሲናና እስከ ዲንሾ ገብስ ቂጣችንም ገንፎአችንም ነው። በገናም ሆነ በቦና የዘራነው ገብስ ቢጫ ሲሆን እንደነግጣለን። በግ ሸጠን መድኃኒት ልንገዛ እንሮጣለን። እስቲ ቆም እንበል! ገብሱን ቢጫ ያደረገው ማን ነው? ጠላቱ አንድ ብቻ አይደለም።

አንደኛው የገብስ ዝንብ ነው። የመሃሉ ቅጠል ይደርቃል፤ የዳሩ ግን አረንጓዴ ነው። የደረቀውን ሳብ ስናደርገው በቀላሉ ይነቀላል። ግንዱን ከሥሩ ብንሰነጥቀው ነጭ ትል እናገኛለን። ትሉ የዝንቡ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ክሽክሽ ነው። ክሽክሽ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ክፉ ዓይነት የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ ይባላል። በስንዴ ይጠራ እንጂ ገብስንም ክፉኛ ይጎዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 በደቡብ አፍሪካ፣ በ1986 በአሜሪካ ታይቶ ብዙ እህል አጥፍቷል።

ይህን ክሽክሽ በምን እንለየዋለን?

መጀመሪያ ቅጠሉን እንይ። ቅጠሉ በቁመቱ ነጭና ቢጫ መስመር ያወጣል። ብርድ ሲሆን መስመሩ ወይን ጠጅ ይሆናል። ቅጠሉ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። ዛላው በጥቅሉ ተይዞ ይጣመማል።

ቀጥሎ ጥቅሉን እንፍታ። ክሽክሹ በውስጡ ተደብቋል። ቀጭንና ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ርዝመቱ ሁለት የጤፍ ፍሬ ቢደረደር ያህል ነው። ቀንዱ አጭር ነው። በአጉሊ መነፅር ሲታይ ከጅራቱ በላይ ሌላ ጅራት ያለው ይመስላል። እናቲቱ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ስለዚህ ቶሎ ይበዛል። ዝናብ ሲያጥር ደግሞ ይብሳል።

መለየቱ ምን ይጠቅመናል? ትሉ ግንድ ውስጥ፣ ክሽክሹ ጥቅል ውስጥ ነው። ከላይ ብቻ የሚነካ መድኃኒት አያገኛቸውም። የበጉ ገንዘብ በከንቱ ይፈሳል። ክሽክሽ የምትበላው፣ ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛም አብራ ትሞታለች። እሷ ወዳጃችን ናት!

አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ በራሱ የበቀለውን ገብስ አርሰን እንገልብጥ። ክሽክሹ በእሱ ላይ ተጠግቶ አዲሱን ዘር ይጠብቃልና።

የዚህ ሳምንት ሥራችን ይህ ነው፤ የታመመውን ገብስ ከነሥሩ ነቅለን በወረቀት እንጠቅልል። በወረቀቱ ላይ የቀበሌያችንን ስም፣ ቀኑንና ያየነውን ምልክት በእጃችን እንጻፍ። ከዚያ ለግብርና ባለሙያው እናሳይ። መድኃኒት የምንገዛው እሱ ካየው በኋላ ነው።