ጥፋቱ የአጥንት ነውን?

በአዲስ አበባ ከተማ፣ አምስት ኪሎ አጠገብ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም የድንቅነሽን ዐፅም አምሳያ ለማየት የሚመጣው ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በመንጋጋዋና በራስ ቅሏ ስብርባሪ ላይ ነው። ቁመቷን በዓይኑ ለክቶ፣ «ለካስ ይህችን ታክል ኖሯል!» ብሎ ተደንቆ ያልፋል። ከዳሌዋ አጥንት ፊት የሚቆም ግን እምብዛም አይታይም። እኛም በተማሪነታችን ጊዜ ከጓደኞቻችን ጋር እየተጋፋን አይተን ያለፍነው እንደዚሁ ነበር። ነገር ግን ይኸው ችላ የተባለው አጥንት ስለ ሰው ልጅ ጥንተ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ በዚህች ሌሊት በአንድ የገጠር ቤት ምጥ ስለ ያዛት እናት ጭምር የሚነግረን ቁም ነገር አለው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሰው ልጅ እናት በብርቱ ጭንቅ የምትወልደው ለምንድን ነው? ጭንቁስ እስከ ሞት ሲያደርስ ጥፋቱ የተፈጥሮ ነው ወይስ የእኛ? መልሱ ለሐኪም ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። በጀት የሚያዘጋጅ፣ መንገድ የሚቀይስ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ጋብቻ የሚመዘግብ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ የመልሱ ተካፋይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አጥንቱ አሠራር ጥቂት እንበል። የዳሌ አጥንት ስንል ግራና ቀኝ ያሉት ሰፋፊ አጥንቶች ከኋላ ከጀርባ አጥንት መጨረሻ ጋር፣ ከፊት ደግሞ እርስ በርሳቸው ተጋጥመው የሚሠሩትን ቀለበት መሰል ነገር ማለታችን ነው። ሕፃን ሲወለድ በዚህ ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት። በቺምፓንዚ ዘንድ ቀለበቱ ከግልገሉ ጭንቅላት የሰፋ ስለ ሆነ ምጡ ብዙ አያስቸግርም። በሰው ዘንድ ግን የሕፃኑ ጭንቅላትና መተላለፊያው ልክ ለልክ ሊሆኑ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ከዚህም በላይ መተላለፊያው ቀጥ ያለ ቧንቧ አይደለም። መግቢያው ከጎን ወደ ጎን የሰፋ ሲሆን፣ መውጫው ከፊት ወደ ኋላ የረዘመ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ እናቱ ጎን አድርጎ ይገባና በመካከሉ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ መልሶ ይወጣል። ትከሻውም በተራው መዞር አለበት።

ይህ ጥበት በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። ታሪኩንም አጉልቶ የሚናገረው የአፋር ምድር ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአራሚስ የተገኘችውና 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት አርዲ፣ የዳሌዋ የላይኛው ክፍል አጥሮ በሁለት እግር ለመሄድ የተሰናዳ ሲሆን፣ የታችኛው ክፍል ግን ገና ዛፍ ለሚወጣ ፍጡር የሚስማማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደ ነበረ ዳሌዋ ይመሰክራል። ቅርጹ ግን ከጎን ወደ ጎን እጅግ የሰፋ፣ ከፊት ወደ ኋላ የጠበበ ነው። አንጎሏም ከቺምፓንዚ አንጎል ብዙ የሚበልጥ አልነበረም። እንግዲህ በሁለት እግር መሄድ የቀደመ፣ ትልቅ አንጎል የኋላ ኋላ የተከተለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ከዚያም ብዙ ዘመን ቆይቶ ወደ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው መሆኑ የተገመተ የሴት ዳሌ፣ ዶክተር ስለሺ ሰማው ባሉበት የጥናት ቡድን በጎና ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ለዓለም ተገለጠ። ይህ ዳሌ ቀድሞ ይታሰብ ከነበረው ይልቅ ትልቅ ጭንቅላት ያለውን ሕፃን ለማሳለፍ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቲቱ ከየትኛው የሰው ዘር ወገን እንደ ነበረች ግን ሊቃውንቱ ተከራክረውበታል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሐሳብ ለማሰር የሞከሩት አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ሸርውድ ዋሽበርን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ ቆሞ መሄድ ጠባብ ዳሌ ይፈልጋል፤ ትልቅ አንጎል ደግሞ ሰፊ መተላለፊያ ይሻል። ሁለቱ ስለማይስማሙ ተፈጥሮ ሕፃኑ ገና ሳይጠና እንዲወለድ በማድረግ አስታረቀቻቸው። በእርግጥም የሰው ሕፃን አንጎል ሲወለድ ካዋቂ ሰው አንጎል 30 ከመቶ ያህል እንኳ አይሞላም። የቺምፓንዚ ግልገል ግን ወደ 40 ከመቶ ይደርሳል። ይህ አስተያየት ለመረዳት የቀለለ፣ ለማስተማርም የተመቸ ስለ ነበረ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በየመማሪያው መጽሐፍ ሰፍሮ ኖረ።

ይሁን እንጂ የቀለለ መልስ ሁሉ የተሟላ መልስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሆሊ ደንስወርዝና የሥራ ባልደረቦቿ፣ የእርግዝናን ዘመን የሚወስነው የዳሌ ጥበት ሳይሆን የእናቲቱ ሰውነት ለጽንሱ ሊያቀርብ የሚችለው ኃይል ነው ሲሉ ተከራከሩ። በዘጠነኛው ወር ገደማ የእናት ሰውነት ከአቅሙ ጠርዝ ይደርሳልና። በ2015 ደግሞ አና ዋረነርና ባልደረቦቿ ወንዶችንና ሴቶችን እያስኬዱና እያስሮጡ ለክተው፣ ዳሌው የሰፋ ሰው በእርምጃ ብዙ ኃይል ያባክናል ለሚለው ግምት ድጋፍ አጡለት። ጆናታን ዌልስና ጓደኞቹም በ2012 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የምጥ ችግር እርሻ ከተጀመረ ወዲህ በመጣው የአመጋገብ ለውጥ ምክንያት ሳይብስ አልቀረም ብለዋል። በልጅነቷ በሚገባ ያልተመገበች ልጅ ቁመቷም ዳሌዋም ይቀጭጫልና። ክርክሩ ገና አልተዘጋም። ለእኛ ግን የሚበቃ ትምህርት አለበት፤ ይኸውም የዳሌ ልክ ምግብም፣ ዕድሜም፣ ጤናም የሚነኩት መሆኑ ነው።

ልኩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሊያ ቤቲና አንድሬያ ማኒካ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ዐፅሞችን መርምረው፣ የመተላለፊያው ቅርጽ ከሕዝብ ሕዝብ እንደሚለያይ፣ ልዩነቱም ከሰሃራ በታች በሚኖሩ ሕዝቦች መካከል እንደሚበዛ አሳይተዋል። የሕክምና መጻሕፍት ግን የኤውሮጳውያንን ዳሌ እንደ መለኪያ አድርገው ማስተማር የቆየ ልማዳቸው ነው። የእኛ ተማሪ መጽሐፉን ሲያነብ ይህን ማስተዋል አለበት። ሕፃኑ በመጽሐፉ ሥዕል እንደ ተመለከተው አልዞረም ማለት ብቻውን እናቲቱ በሽተኛ ናት ማለት አይደለምና።

አሁን ወደ ሌላው ነጥብ እንለፍ። ሕፃኑ ፊቱን ወደ እናቱ ጀርባ መልሶ ስለሚወጣ፣ እናቲቱ ራሷ ጎንበስ ብላ ብትስበው አንገቱን ወደ ኋላ ልታጥፈው ትችላለች። ስለዚህ ካረን ሮዘንበርግና ዌንዳ ትረቫታን የተባሉት ሊቃውንት፣ ሰው ሲወልድ ረዳት መፈለጉ እጅግ ጥንታዊ ነገር ነው ይላሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ምጥ በተሰማበት ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፣ ማርያም» ሲል፣ አንዷ ወገብ ስትደግፍ፣ ሌላዋ ውሃ ስታፈላ የኖረበት ባህል ይህንኑ የሚያረጋግጥ ነው። የወለደችውንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ማረችሽ የሚለው ቃል አባቶቻችንና እናቶቻችን መውለድን ከሞት እንደ መትረፍ ይቆጥሩት እንደ ነበረ ያሳያል። መደጋገፉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ደም ሲፈስ፣ ምጥ ሲጠና፣ የደግ ጎረቤት እጅ ብቻውን አይበቃም።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ይናገሩ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ግምት፣ ለ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 በተደረገው ጥናት ይህ ቁጥር ወደ 412 ወረደ። ከዚያም ወዲህ መቀነሱን የተባበሩት መንግሥታት ግምቶች ያመለክታሉ። በጤና ድርጅት የሚወልዱት እናቶች በ2000 ከመቶ 5 ያህል የነበሩ ሲሆን፣ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። በ16 ዓመት ውስጥ የኢትዮጵያ ሴቶች ዳሌ አልተለወጠም። የተለወጠው ጤና ጣቢያው፣ መንገዱና የሠለጠነ አዋላጅ ቁጥር ነው። በስዊድን አገር በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወደ 900 ይጠጋ የነበረው ይኸው ልክ በ1900 ከ300 በታች ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን አልተገኘም፤ ሆድ ቀዶ ማዋለድም ገና አስጊ ነበር። ትልቁን ሥራ የሠሩት ተምረውና ተፈትነው፣ እጃቸውን ከጀርም አጽድተው ወደየገጠሩ የተሰማሩት አዋላጆች ናቸው።

በሌላ በኩል የ2016ቱ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት በአገሪቱ በጠቅላላው ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሲሆኑ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 21 መሆናቸውን ያሳያል። የከተማይቱና የገጠሪቱ እናት አጥንት ይህን ያህል ሊለያይ አይችልም። የሚለያየው ከሐኪም ደጅ ያላቸው ርቀት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ከጥንት ጀምሮ ሴት በጭንቅ ትወልዳለች፤ ምን ይደረጋል?» ይላሉ። መተላለፊያው ጠባብ መሆኑን እኛም አንክድም። ሆኖም በዓለም ላይ ብዙ እናቶችን የሚገድለው ከወሊድ ጋር የተያያዘ የደም መፍሰስ ነው፤ የደም ግፊትም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። እነዚህም መድኃኒት አላቸው። ምጥ ሲታገድም ቢሆን ጊዜው ሳያልፍ ከደረሱበት መፍትሔው የታወቀ ነው። ሳይደረስበት ሲቀር የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ፊኛ ከአጥንቱ ጋር ለቀናት ተጭኖ ይይዘዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ይቀደዳል፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ከሰው ትገለላለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ካተሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ለእነዚህ እናቶች ነው። ሆኖም ማከም ብቻ እንደማይበቃ ታይቶ በ2007 የአዋላጆች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ።

የዕድሜው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ የሴት ልጅ ዳሌ ከጉርምስና ጀምሮ ለመውለድ በሚመች መንገድ እየሰፋ ሄዶ እጅግ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ቁመቷ ስለ ረዘመ ብቻ ደርሳለች የምትባለው ልጅ አጥንቷ ገና አልደረሰም ማለት ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። የ2016ቱ ጥናት ግን ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ ገና 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው የተዳሩ መሆናቸውን ይገልጣል።

ስለዚህ ወጣቱ ሠራተኛ የልጅቱን ዕድሜ በግምት «18» ብሎ ከመዝገብ ሲያሰፍር፣ ብዕሩ የነካው ወረቀት ብቻ እንዳይመስለው። ለአምቡላንስ ነዳጅ የተመደበው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ሲዛወር፣ ለጤና ጣቢያ የታቀደው መንገድ ለከርሞ ሲባል፣ የሚከፈለው ዋጋ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አይታይም። የሚታየው በአንዲት እናት ቤት ነው። ድንቅነሽን ለማየት ስንሄድ እንግዲህ ከዳሌዋ ፊት ጥቂት እንቁም። አጥንቱን ያወረሰን ጊዜ ነው፤ አዋላጇን በሰዓቱ ማድረስ ግን የእኛ ተግባር ነው።