ጃኬቱ የሚነፋው ከበሩ ላይ ነው

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሦስት ጠላፊዎች እጅ ወደቀ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ካልወሰዳችሁን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ የተቀዳው ነዳጅ እዚያ እንደማያደርስ ቢነግሯቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱ ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ደሴቶች ዳርቻ ባሕር ላይ ወርዶ ተሰባበረ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ።

ይህ አደጋ ሲነሳ የጠላፊዎቹ ጭካኔና የአብራሪዎቹ ብርታት ይወራል፤ ተገቢም ነው። ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ከባሕር ዳርቻው ሳይርቁ ስላወረዱት፣ በአካባቢው የነበሩ ሰዎች ፈጥነው ደርሰው ብዙዎችን አውጥተዋል።

አባቶችና እናቶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ተሳፋሪዎች የነፍስ አድን ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፉት። ውሃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ ዝቅ ብለው ወደ በሩ መሄድ አቃታቸው። ከወደቀው አውሮፕላን በሕይወት ሊወጡ ይችሉ የነበሩ ሰዎች እዚያው ሰጠሙ።

ዛሬ ከእኛ መካከል ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚበሩ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ለፋሲካ ኢየሩሳሌም መጥተው ኢትዮጵያ ጎዳና ያለውን የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ደጅ ከሚሳለሙትም ውስጥ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈሩ አረጋውያን አሉ። ማስጠንቀቂያው በማያውቁት ቋንቋ በችኮላ ከተነገረ፣ አስተናጋጇ እጇን ስታወናጭፍ አይተው ዝም ይላሉ።

«አውሮፕላን ስንቴ ባሕር ውስጥ ይወድቃል? ሽማግሌን ማስፈራት ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው። ያጋጠመ ዕለት ግን ለመማር ጊዜ የለም። እግዚአብሔር ያውቃል ማለትም ቀበቶ ማሰርን አያስቀርም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል።

ስለዚህ የእኛን ሰዎች የሚያጓጉዙ አየር መንገዶች ሁሉ መመሪያውን በአማርኛ ያሰሙ፤ የተቀዳ ድምፅ ማጫወት ከባድ ወጪ አይደለም። ተሳላሚዎችን የሚያስተባብሩ ማኅበራትና የጉዞ ወኪሎችም ከመነሻው ቀን በፊት ሰብስበው ያስረዱ። ልጆችና የልጅ ልጆች ደግሞ ሻንጣ ስታዘጋጁ ይህንን ጨምሩበት፦ ጃኬቱ በአንገት ይጠለቃል፣ በወገብ ይታሰራል፤ የሚነፋው ግን ከበሩ ላይ ሲወጡ ነው። እስከ ቅርቡ መውጫ ድረስ ስንት ረድፍ ወንበር እንዳለ ይቆጠራል። ዕቃ ለማውረድ አይቆምም።

እናንተም አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ አስተናጋጇን ጠርታችሁ «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ለማለት አትፈሩ። ገንዘብ ከፍላችሁ ተሳፍራችኋል፤ ሥራዋም ነው። ቋንቋችሁን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለም እንዲተረጉምላችሁ ጠይቁት።