መጀመሪያ ወረታ አምጥታችሁ ሞክሩት

የዛሬው ወሬዬ ስለ ዊልቸር ነው። «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ልታልፉኝ የቸኮላችሁ፣ ቆዩማ… መጀመሪያ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ።

የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚገናኙባት ወረታ ሞባይል የሚጠግን ጎረቤት አለን። እኔ «ጋሼ» ነው የምለው። እግሮቹ አይታዘዙለትም፤ የሚሄደው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ነው። በበጋ ከቤቱ ሱቁ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ክረምት ሲገባ ግን የፎገራ ዋልካ ጎማውን ጨምድዶ ይይዘዋል። ያኔ ወይ የሚገፋው ሰው ይለምናል፣ ወይ ባጃጅ ይኮናተራል፣ ወይ ሱቁን ዘግቶ ይውላል።

ባለፈው ክረምት በስልኬ አንድ ቪዲዮ አሳየሁት። ደረጃ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ነው። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እታለም፣ ይሄስ ግሩም ነው። ቦይ ውስጥ ሲገባብኝ ማን ያወጣልኛል?»

አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ስማር እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተራውን ዊልቸር አጥፈው ሚኒባስ ላይ ይጭኑታል፤ ቦይ ሲያጋጥም ሁለት ጎረምሳ አንስቶ ያሻግረዋል። ከባድ ባትሪ የተሸከመው ኤሌክትሪክ ዊልቸር ግን ባዶውን ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ያለቀ ቀን «ዘመናዊው» ከአሮጌው ይብሳል ማለት ነው።

ሀብታሞቹ አገሮችም ቢሆኑ ይህን ፈተና አልዘለሉትም። ደረጃ የሚወጣው የአሜሪካው አይቦት እ.ኤ.አ. በ2003 ፈቃድ ሲያገኝ ዓለም አጨበጨበለት። ዋጋው ግን ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በ2009 ሽያጩ ቆመ፤ ወደ ገበያ የተመለሰው ከዓመታት በኋላ በሌላ ድርጅት በኩል ነው።

ሕንዶቹ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ከማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣው ኒዮሞሽን የተባለ ስታርትአፕ ኒዮቦልት የሚባል ነገር ሠራ። ከዊልቸሩ ፊት የሚገጠም ባለ ሞተር ጎማ ነው። ሲገጥሙት በሰዓት እስከ 25 ኪሎ ሜትር እየነዱ መንገድ ይወጡበታል፤ ቤት ሲደርሱ ነቅለው በቀላሉ ዊልቸራቸው ይገባሉ። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ሞተሩ ቢበላሽ እንኳ ወንበሩ አለ!

«ተራው ዊልቸር ላልተዳረሰበት አገር ኤሌክትሪክ ቅንጦት አይደለም ወይ?» የሚሉ አይጠፉም። እውነት አላቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 80 ሚሊዮን ያህል ሰው ዊልቸር ያስፈልገዋል፣ የሚያገኘው ግን እንደየአገሩ ከ5 እስከ 35 በመቶው ብቻ ነው። ቢሆንም ሞባይል ስንይዝ መጀመሪያ የመስመር ስልክ በየቤቱ ይግባ ብለን አልጠበቅንም። ዓመቱን ሙሉ ጎማ የሚዘውር ትከሻም ይደክማል፣ ይታመማል። እጁም የማይታዘዝለት ሰው ደግሞ ያለ ሞተር ከቤት የሚወጣው ሌላ ሰው ሲገፋው ብቻ ነው። ታዲያ ይሄ የማን ቅንጦት ነው?

ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ «በነዳጅ የሚሠራ መኪና አይገባም፣ ኤሌክትሪክ እንጂ» ተብሎ ስንት ተወራ! ለመኪናው ያን ያህል ካሰብን ለዊልቸሩም እናስብ እንጂ።

እናንተ ስታርትአፕ ለመጀመር ወገባችሁን የታጠቃችሁ የእኔ ዘመን ልጆች፣ ልለምናችሁ። ሙከራችሁን ቦሌ አስፋልት ላይ አትጨርሱት። በሐምሌ ወረታ አምጡት። ጎማው ሲበሳ ጎሚስታው ይለጥፈው፤ ኩሽኔታው ሲያልቅ ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ይገኝ፤ ሻሲው ሲሰበር የሰፈር በያጅ ይበይደው። ከውጭ ዕቃ እስኪመጣ ስድስት ወር የሚቆም ዊልቸር ለቤት ማስጌጫ ካልሆነ ምን ይሠራል? ደግሞ ከመሥራታችሁ በፊት እንደ ጋሼ ያለውን ሰው ጠይቁት። ተጠቃሚ ብቻ አታድርጉት፣ ቅጠሩት። ሞባይል የሚጠግን እጅ የሞተር ሽቦ አይጠፋበትም!

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለፈው ዓመት ጋሼን ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አጅቤው ሄጄ ነበር። ጉዳዩ የሚያልቀው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለው መንገድ ደግሞ ደረጃ ብቻ! ወረቀቱን ይዤ እኔ ወጣሁ፤ ባለጉዳዩ ታች ፀሐይ ላይ ጠበቀኝ። አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ ይኑረው ካለ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። የትኛውም ስታርትአፕ ይህን በባትሪ አይፈታውም። መወጣጫ ሲሚንቶና አሸዋ ነው… ፈቃደኝነት ካለ።

ወደ ጎንደር ስንጓዝ አዲስ ዘመን ላይ ጋሼ ሁልጊዜ ቀና ብሎ ጣራ ገዳምን ያያል። የተራራውን ጫፍ የሚያስወጣው ዊልቸር ሥሩልኝ አላለም። እኔም አላልኩም። በነሐሴ ጭቃ ማንንም ሳይለምን ሱቁ ይድረስ፣ ማታም ቤቱ ይግባ ነው ያልነው። በዛ?

ቸር እንሰንብት!