የጂን ሕክምናና ጉበት፦ ቫይረሱ ካልተባዛ አደጋው ከየት መጣ?

«ልጄን ቫይረስ ሊወጉት ነው?» ዱሼን የተባለው የጡንቻ መመናመን በሽታ ያለበትን ልጅ አሜሪካ የሚያሳክም ወላጅ ስለ ጂን ሕክምና ሲነገረው ይህን ቢጠይቅ አይገርምም። መልሱ አዎ ነው።

ቫይረሱ ኤኤቪ ይባላል። በ1965 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ የተገኘው አዴኖቫይረስ ከተባለ ሌላ ቫይረስ ጋር ተደባልቆ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። ኤኤቪ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለመባዛት የሚያስፈልገውን ሁሉ አልያዘም፤ አዴኖቫይረስ ወይም ሄርፒስ ያንኑ ሴል ገብቶ እስኪያግዘው ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለመድኃኒት ሲዘጋጅ ደግሞ የራሱ ጂኖች ወጥተው ልጁ የሚያስፈልገው ጂን ይገባበታል። ከዚያ በኋላ አጋዥ ቢያገኝ እንኳ በራሱ አይባዛም።

ታዲያ ኤሌቪዲስ የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ ሁለት ልጆች ጉበታቸው ሥራ አቁሞ ለምን ሞቱ? «አይባዛም» የሚለውን ሰምተው «አይጎዳም» ብለው የሚረዱ ብዙ ናቸው። ለዚህ ጥፋቱ በከፊል የእኛ የሐኪሞች ይመስለኛል። ቫይረሱ ስለማይባዛ የሚፈለገው ብዛት በአንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 133 ትሪሊዮን ገደማ። አብዛኛው ጉበት ውስጥ ያርፋል፤ የሰውነት መከላከያም እንደ ወራሪ ሲያጠቃው ጉበቱ አብሮ ይመታል።

ሁለቱም ልጆች በእግራቸው መሄድ ያቆሙ ነበሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ዕድሜያቸው 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ መራመድ ለሚችሉ ብቻ እንዲሆን ወስኖ ስለ ጉበት ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል።

ልጅዎ ሕክምናውን ወስዶ ከሆነ የጉበት የደም ምርመራ ቀጠሮ አያሳልፉ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። የታዘዘለትን ፕሬድኒሶሎን በራስዎ አያቋርጡ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከተደናገረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።

ገና ያልወሰደ ከሆነ አስቀድሞ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ይደረግለታል፤ ቫይረሱ ቀድሞ በተፈጥሮ አግኝቶት ሊሆን ይችላልና። አንዴ ከወሰደ በኋላም ሰውነቱ ስለሚያውቀው በዛሬው አሠራር ሁለተኛ ጊዜ አይሰጠውም። ይህ በምርምር ሙከራ ላይ ለሚሰጥ የኤኤቪ መድኃኒትም ይሠራል፤ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።