ከቤት በር እስከ ቢሮ በር

ዛሬ አንድ ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሠራለን። እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይበቃናል።

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ቦሌ መንገድ አጠገብ ነው። ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከቤቱ ወጥቶ ለታክሲ ይሰለፋል፤ መገናኛ ሲደርስ ወርዶ ሁለተኛ ሰልፍ ይይዛል፤ በ2 ሰዓት ተኩል ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ማታ በ11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ በዚያው መንገድ ሲመለስ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ የዘነበ ዕለት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ባለፈው ጊዜ ቡና ስንጠጣ «ልጄን የማያት ተኝታ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

እንግዲህ እንደምር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የሥራው ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። የወዳጄ መንገድ ግን በቀን 4፣ በአምስት ቀን 20 ሰዓት ይወስዳል። ድምሩ 59 መሆኑ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛማ ይብሳል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ አድርጎታል። በዚህ ላይ የስድስት ቀን መንገድ 24 ሰዓት ቢጨመር 72 ይሆናል። ሕግ የሚቆጥረው ከቢሮ በር ጀምሮ ነው፤ ሚስትና ልጅ ግን የሚቆጥሩት ከቤት በር ጀምሮ ነው።

ከተማችን ወደ ምሥራቅ ተዘርግታ ሰሚት፣ አያትና አራብሳ በሕዝብ ሲሞሉ፣ ብዙው ሥራ እዚያው በፊት በነበረበት ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ ወደ ቦሌ ግን አይወርድም።

ጃፓኖች «ካሮሺ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ ከሥራ ብዛት የተነሣ መሞት ማለት ነው። ነገሩ ስለ ጸናባቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንኑ ለመከላከል ሕግ አወጡ። እኛ እዚያ አልደረስንም ብለን እንጽናና ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው በሕይወቱ ሳለም ለቤቱ ሊጠፋ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሰልፉን እርስዎና እኔ አናሳጥረውም። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለችው ሁለት ሰዓት ተኩል ግን የእርስዎ ናት። እሷን ለስልክ አይስጧት፤ ከመሥሪያ ቤት በቴሌግራም የሚላከው ነገር አብዛኛው እስኪነጋ ቢቆይ አይበላሽም። የማታ ተማሪ ከሆኑ ንባብዎን ሰልፍ ላይ ይጀምሩና ትምህርት የሌለበትን አንድ ምሽት ለቤት ይለዩ። እሑድ አለልኝ ብለው ደግሞ አይመኩ፤ እሑድን ዕድርና ሠርግ ይሻሙታል።

ወዳጄ ከሚስቱ ጋር ተማከረ። ልጅቱ ቀን እንድትተኛና ማታ እንድትጠብቀው ተስማሙ፤ እሱም ስልኩን ዘግቶ ሊገባ ቃል ሰጠ። አሁን ማታ በሩን የምትከፍትለት እሷ ናት።

እርስዎስ፣ በሩን ማን ይከፍትልዎታል?