ሞዴሉ አዲስ፣ ዋጋው አዲስ፤ ስልኩ ግን ያው ነው!

(ከባሕር ዳር)

‹‹ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም›› ይላል ያገራችን ሰው። ይህችን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሳት ስለ መንግሥትና ስለ ሹመኞች ስናማ ነው። ዛሬ ሹመኞቹን ለጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ እንስጣቸውና (አንለቃቸውም፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን) ተረቷን ለኪሳችን ዕቃ እናውላት። የማወራው ስለ ሞባይል ስልክ ነው።

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነስቶ የባሕር ዳርን ገበያ የሚያስስ ሰው የሞባይል ሱቅ ቆጥሮ አይጨርስም። በየመስታወቱ ላይ ‹‹አዲስ ገባ!›› የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ‹‹ምኑ ነው አዲሱ?›› ብላችሁ ሻጩን ጠይቁት። ‹‹ካሜራው ልዩ ነው፣ ሜጋፒክስሉ ጨምሯል›› ይላችኋል። ‹‹የአምናውስ?›› ‹‹እሱም ካሜራው ልዩ ነበር።›› ‹‹የካቻምናውስ?›› ሻጩ ይስቃል፤ እናንተም ትስቃላችሁ። ሳቁ የጋራ ቢሆንም ኪሱ ግን የግል ነው!

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። እነዚህ ዓለምን ያጥለቀለቁት የስልክ ኩባንያዎች ዛሬም በእርግጥ ይፈጥራሉ? ወይስ ድሮ የፈጠሩትን እየቀባቡ መልሰው ይሸጡልናል? የዚህ ጸሐፊ መልስ አጭር ነው፤ አብዛኛው ቅብ ነው!

ፈጥረውማ ነበር!

ሐሰት አንናገር፤ ድሮ ፈጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኖኪያ 1100 የምትባል ስልክ ወጣች። አናቷ ላይ ባትሪ የሚያበራ፣ ቁልፎቿ አቧራ እንዳያስገቡ የተሸፈኑ፣ ባትሪዋ ለቀናት የሚቆይ ነበረች። በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። አንድ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ ‹‹መብራት የሌለው፣ አቧራ ላይ የሚውል ሰው ምን ያስፈልገዋል?›› ብሎ ጠየቀ ማለት ነው። ፈጠራ ማለት ይህ ነው። ስንቱ ሰው በዚያች መብራት ሌሊት መንገድ ሄዷል፣ ስንቷ እናት መብራት ሲጠፋ ልጇን በእሷ ብርሃን አስታማለች!

እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ደግሞ ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ይዞ ብቅ አለ። ቁልፍ ቀረ፣ በጣት መዳሰስ መጣ። ይህንንም ማንም አይክድም፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ተች ስልክ ሁሉ የእሱ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

እዚሁ ወደኛ እንምጣ። ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚያመርተው ትራንሽን የተባለ የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋቋመ። በገዛ አገሩ ገበያ እምብዛም አይታወቅም፤ ዓይኑን የጣለው እኛ ላይ ነበር። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ፣ ባትሪው የሚበረክት፣ የአማርኛ ፊደል ያለው ስልክ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም ጀመረ። ከሁሉም የሚደንቀው ካሜራው ነው። የሌሎቹ ካሜራ የኛን ፊት ጥላ አድርጎ ሲያወጣው፣ እነዚህ ፊትን በዓይንና በጥርስ ለይቶ ብርሃኑን የሚያስተካክል ካሜራ ሠሩ። ደንበኛውን ማየት ማለት በቁሙ ይህ ነው! የአፍሪካን ገበያ የወሰዱትም በአስማት አይደለም።

ገንዘብ በስልክ መላክስ? ኤምፔሳ በኬንያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የኛው ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ *127# ብሎ ለሚደውል ሰው ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይም ይሠራል። ልብ በሉ! የብዙውን ሕዝብ ኑሮ የለወጠው ይህ ነገር ውድ ስልክ አልጠየቀም።

ከዚያስ?

ከዚያማ ጉድ በል ጎንደር! ፈጠራው መጨመር ቀርቶ መቀነስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን የኢርፎን ቀዳዳውን ደፈነው፤ ሽቦ አልባ ኢርፎን ለብቻው ግዙ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቻርጀሩን ከካርቶኑ አወጡት፤ ምክንያቱ ‹‹ለአካባቢ ጥበቃ›› ነው አሉ። ሳምሰንግ በዚህ ተሳልቆ ‹‹እኛ ቻርጀር አለን›› ብሎ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ እሱም የራሱን አወጣው! ድሮ በጥፍር የሚከፈተው የስልክ ጀርባ በማጣበቂያ ታሸገ፤ ባትሪ ሲደክም አዲስ ባትሪ መግዛት ቀርቶ አዲስ ስልክ ግዙ ሆነ። አፕል ባትሪያቸው የደከመ የቆዩ አይፎኖችን ሆን ብሎ ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2017 አምኗል። ለዚህ በአሜሪካ ለቀረበበት ክስ እ.ኤ.አ. በ2020 እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

‹‹አንተ ሰው አበዛኸው! የሚታጠፍ ስልክ አልመጣም ወይ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልመጣም ወይ?›› የሚል አንባቢ ይኖራል። መጥቷል። የመጀመሪያው የሳምሰንግ ታጣፊ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ዋጋው 1,980 ዶላር ነበር። ደረት ላይ የሚለጠፍ፣ ስልክን ይተካል የተባለለት ሂዩሜን የተሰኘ ኩባንያ ዕቃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በ699 ዶላር ገበያ ወጣና ዓመት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ተዘጋ። የገዙት ሰዎች እጅ ላይ የቀረው ቁራጭ ብረት ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳንሆን ግን አንድ ነገር እንበል። የስልኩ ውስጥ ዕቃ በየዓመቱ ፈጠን ይላል፣ ካሜራውም ይሻሻላል። መሐንዲሶቹም ሰነፎች አይደሉም። ምናልባት ስልክ እንደ ብስክሌት ተሠርቶ ያለቀለት ዕቃ ሆኗል። ይህ ነውር አይደለም። ጣና ላይ የሚንሳፈፈው የደንገል ታንኳ ቅርጹ ከጥንት ጀምሮ ያው ነው። የነገደ ወይጦ ባለሙያ ግን በየመስከረሙ እየመጣ ‹‹ታንኳ 17 ፕሮ ገባ!›› ብሎ አያውጅብንም። ነውሩ መቆሙ አይደለም፤ ቆሞ ሳለ እየሄድኩ ነው ብሎ የጉዞ ሒሳብ መቀበሉ ነው!

የቅንጦት ጉዳይ አይደለም

‹‹ታዲያ አትግዛ! ማን አስገደደህ?›› ይባል ይሆናል። እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበረ? በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቶ በስልክ ክፈሉ ተባለ። የባጃጅ ሾፌሩ ስልክ የሌለው ከሆነ ባጃጁ ትቆማለች። ደመወዝ በባንክ፣ ዕቁብ በስልክ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ በስልክ ሆኗል። በሌላ በኩል ስልኩ ገና ደህና ሳለ ኩባንያው አፕዴት መስጠት ያቆማል። ትንሽ ቆይቶ የባንኩ አፕ ‹‹ስልክዎ አሮጌ ነው›› ብሎ አልከፍትም ይላል። ስልኩ አልተሰበረም፣ ባለቤቱም አልጠላውም፤ በርቀት ሆነው ገደሉበት!

ይህ የሚሆነው ደግሞ በምን ሰዓት ነው? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ገባ። ስልክ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። አንድ መምህር ደህና የሚባል ስልክ ለመግዛት የወራት ደመወዙን ያስረክባል። በየሁለት ዓመቱ ለቅብ የወራት ደመወዝ መክፈል ማለት ከልጆች አፍ መንጠቅ ነው።

እውነተኛ ፈጣሪዎቹ እነማን ናቸው?

እስቲ ከሱቁ መስታወት ዓይናችሁን አንሱና ከጎኑ ያለችውን ጠባብ የጥገና ክፍል ተመልከቱ። አንድ ወጣት በማጉያ መነጽር አጎንብሶ ጥፍር የማታክል ክፋይ ይበይዳል። ከሞተው ስልክ አውጥቶ የታመመውን ያድናል። ሙሉ ስክሪን ከመቀየር መስታወቱን ብቻ ይለውጣል። ኩባንያው ንድፉን አልሰጠውም፣ መለዋወጫ አልላከለትም፣ አላሠለጠነውም። ስልክህ ሦስት ዓመት ከሠራልህ ግማሹ ምስጋና የዚህ ልጅ ነው።

ፊደላችንስ ስልክ ውስጥ የገባው በኩባንያዎች ቸርነት ይመስላችኋል? ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ደክመዋል። እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰው አገር ሆነው ግዕዝን ኮምፒዩተር ላይ ለማስገባት ለፍተዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጉግል አማርኛን ለትርጉም አገልግሎቱ የጨመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። መጀመሪያ የደከሙት የራሳችን ሰዎች ናቸው፤ ኩባንያዎቹ የመጡት ማዕዱ ከቀረበ በኋላ ነው።

ኩባንያ ሲገደድ ግን ፈጠራው ቶሎ ይገኛል! የአውሮፓ ኅብረት ‹‹ቻርጀራችሁ አንድ ዓይነት ይሁን›› ብሎ ሕግ ሲያወጣ፣ ስንት ዓመት ያንገራገረው አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 አይፎን 15ን በታይፕ ሲ ይዞ ቀረበ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ አዲስ ስልክ መለዋወጫው ለሰባት ዓመት እንዲገኝ፣ አፕዴቱም ለአምስት ዓመት እንዲቀጥል ሕግ ያስገድዳል። ፌርፎን የሚባል የሆላንድ ኩባንያማ በተራ መፍቻ የሚፈታ ስልክ ሠርቶ ይሸጣል። ይቻላል ማለት ነው!

እኛስ? እኛም አዋጅ አለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት፣ ጉድለት ያለበትም ከሆነ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እስቲ ስልክ ሱቅ ግቡና አዋጁን ጥቀሱ! ‹‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም›› የሚለው ወረቀት ከአዋጁ በላይ ተሰቅሏል።

አሁን ወደ ሹመኞቹ!

ቃል ገብተን ነበርና እንመለስባቸው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር ባለሥልጣናት ሲገደሉ የአገሩ ኢንተርኔት በሙሉ ድርግም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቆርጦ ለብዙ ወራት ጨለማ ውስጥ ቆየን። ተማሪው ከትምህርቱ፣ ነጋዴው ከደንበኛው፣ የጣና ገዳማት አስጎብኚው ከእንግዳው ተቆራረጠ። ያን ጊዜ የሁለት ሺህ ዶላሩ ታጣፊ ስልክና ያቺ ኖኪያ እኩል ሆኑ፤ ሁለቱም መደወያና ባትሪ! እንዲያውም ኖኪያዋ ትበልጣለች፤ መብራት ሲጠፋ ለቀናት ትቆያለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። የኩባንያው ቅብ ገንዘባችንን ይወስዳል፤ የመንግሥት መቀስ ግን ስልኩንም፣ ፈጠራውንም፣ ኑሮውንም አንድ ላይ ይቆርጣል።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው እንናገር። መንግሥት ሆይ፣ መቀሱን አስቀምጥ፤ አዋጁንም ከመሳቢያ አውጣው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተውን ፖሊቴክኒክ የወረሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆይ፣ በደጅህ ያሉትን ጠጋኝ ወጣቶች ወደ ላቦራቶሪህ አስገባቸው፤ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ በአማርኛ የሚያናግር ስልክ ከሼንዘን እስኪመጣ አንጠብቅ።

አንተ ገዢ ደግሞ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ባትሪው ሲደክም ይቀየራል ወይ? አፕዴቱ ለስንት ዓመት ነው? ስክሪኑ ቢሰበር መለዋወጫው እዚሁ ከተማ ይገኛል ወይ? ሻጩ ሦስቱንም ካልመለሰልህ ገንዘብህን ወደ ኪስህ መልስና የያዝከውን ስልክ አስጠግነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ልብ ያለው ልብ ይበል!